ወሳጅ ያልመጣለት ልጅ

ይድረስ ለወንድሜ ለድንቡሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እስካሁን መኪና ሥር ተጋድመህ ነው የምትውለው? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷ እንዴት ሆነ? ትንሿስ የወለቀው ጥርሷ ተተካላት? በስልክ ስጠይቅህ "ሁሉ ሰላም" ትለኛለህ፤ አንተ ግን ትኩሳት ይዞህ ስትንቀጠቀጥም "ሁሉ ሰላም" የምትል ሰው ስለሆንክ አላምንህም። ደህና ከሆንክ በገዛ እጅህ ጽፈህ አሳውቀኝ። ድንቡሼ እያልሽ ሚስቴ ፊት አታዋርጂኝ ብለህ ነበር፤ እንግዲህ ምን ላድርግህ? ፂም ያወጣህ መካኒክ ብትሆንም እኔ የማውቀው ያንን ጉንጭህን ነው።

እኛ ደህና ነን፣ የባሰ አያምጣ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ የሰው ቤት መብራት ሲዘረጋ ይውላል፤ የራሳችን መታጠቢያ ቤት አምፖል ግን ከተቃጠለ ሰንብቷል፣ ገላችንን በዳበሳ ነው የምንታጠበው። ልጄ በቁመት አልፋኛለች፣ በምላስ ደግሞ ካለፈችኝ ቆየች። እማ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ዕድሜዋን ስናነሳባት "ጉልበቴ ነው ያረጀው፣ እኔ የለሁበትም" ትላለች።

ባለፈው ስትደውል "ያ ወረቀት ምን ሆነ?" ብለህ ስትጠይቀኝ "ኋላ እነግርሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት። ኩርፊያ እንዳይመስልህ። እማ አጠገቤ ነበረች፤ አንተ ስትደውል ደግሞ ድምፅህ ቤቱን ካልሞላው አይሆንላትም፣ የስልኩን ድምፅ ክፈቺው ክፈቺው ትላለች። እሷ እየሰማች እንዴት አድርጌ ላውራህ? ስለዚህ ልጆቹ ሲተኙልኝ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

እንደምታውቀው ሳሎኔን ለሕፃናት ማቆያ ካዋልኩት ቆይቷል። ወላጆች ጠዋት ያመጣሉ፣ ማታ ይወስዳሉ፤ በመሃል ያለው ጩኸት የእኔ ነው። እማ እኔ ዘንድ ከገባች ወዲህ ሥራው ቀለለልኝ፤ እኔ ትልልቆቹን ሳበላ እሷ ሕፃናቱን ታባብላለች። እንዲህ እያልን ስንኖር ፈቃድ የሚሰጠን ጽሕፈት ቤት የማቆያዎችን ደንብ አሻሻልኩ አለና ለሁላችን አዲስ መመሪያ በተነ። ክፉ ነው አልልህም። የሆነ ቦታ አንድ ሕፃን በትራስ ታፍኖ ነው አሉ ነገሩ የተነሳው፤ ይህን ሰምቶ ዝም የሚል መንግሥትማ ምኑን መንግሥት ሆነ። ሶኬት ሁሉ ይከደን፣ መድኃኒት ይቆለፍበት፣ የሕፃን አልጋ ላይ ከአንሶላ በቀር ምንም አይቀመጥ፣ የጓሮው በር ልጅ የማይደርስበት መቀርቀሪያ ይኑረው ይላል። ሁሉንም አደረግን። የገዛ ቤቱን ሶኬት እንዲከድን ግን ባለቤቴን እንደ ባዕድ ደንበኛ ደጅ ጠንቼዋለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ አንድ አንቀጽ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ ከባለ ፈቃዷ ሌላ የሞግዚትነት ምስክር ወረቀት ያላት ሁለተኛ ሰው ትኑር ይላል። ከሌለች ሕፃናቱ ይወጣሉ። እኔ ዘንድ ካሉት ግማሾቹ ሕፃናት ናቸው፤ እነሱ ወጡ ማለት ቤቴ ተዘጋ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ ከሥሩ ያለው ነው፤ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው እዚያው ቤት ነዋሪ ቢሆን እንኳ ሕፃን እንዳያነሳ፣ እንዳያበላ ይከለክላል። ይህ እንግዲህ እማን ነው።

ዳኛው የምንለው ሕፃን አለ፤ ፍርድ ሊሰጥ እንደተሰየመ ሰው ሁሉንም አፍጥጦ ስለሚያይ ነው። አንድ ቀን የሌላውን ሽንት ጨርቅ ስቀይር እሱ ማልቀስ ጀመረ። እማ ወንበሯ ላይ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ "እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ፣ አሁን ትመጣለች" ትለዋለች። አልተነሳችም፤ ሕግ ነው ብያታለሁና። እሱ እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ ይንሰቀሰቃል። እሷ ልታየው አልቻለችም፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንጀቴን በላችው። ያን ዕለት የምስክር ወረቀቱን በየትም ብዬ አወጣላታለሁ አልኩ።

ለዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሥልጠና ገብቶ መፈተን ነው። ሌላው በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የታሰበ ነው፤ ሞግዚቷ በልጅነታቸው ያሳደገቻቸው ሁለት ሰዎች ጽፈው ፈርመው ይመሰክሩላታል። ብቻ ዘመድ አይሆንም፣ ባዳ ነው የሚፈለገው። እኔም እማን በዚህ ዕድሜዋ ከነጉልበቷ ክፍል ውስጥ አላስቀምጣትም ብዬ ሁለተኛውን መረጥኩ። አንዷ ወዲያው ተገኘች፤ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ያቺ ንፍጧን በእጅጌዋ ስትጠርግ የምናሾፍባት፣ አሁን ነርስ ሆናለች፤ ደስ ብሏት ጻፈችልን። ሁለተኛው ግን ቸገረኝ። እማ እጅ ላይ ያላለፈ ልጅ የለም፤ ግን ግማሹ የአክስት የአጎት ልጅ ነው፣ ግማሹ ደግሞ የት እንደገባ አይታወቅም።

ከዚያ አንተ ስትደውል፣ እማ ገላዋን እየታጠበች ነበርና፣ ተነጫነጭኩብህ። "ባዳ አምጪ ይሉኛል፣ ባዳ ከየት ልውለድላቸው?" ብዬ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅህም። "እኔ አለሁ አይደል እንዴ?" አልክ። ክው ነው ያልኩት። ቤታችን እንዴት እንደመጣህ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን አንድም ቀን ነገሩን በስሙ ጠርተነው አናውቅም። እናትህ ያን ጠዋት አንተን ለእማ ስታቀብላት በሩ ላይ ቆሜ ያየሁ እኔ ነኝ። ጎረቤት ናት፣ አዲስ ሥራ ጀምራለች፣ "ማታ እወስደዋለሁ" አለችና ሮጠች። ማታ አልመጣችም። የት እንደቀረች እስከ ዛሬ ያወቀ የለም። ይኸው ነው፤ በማግስቱ ሦስት ልጆች ነበርን አራት ሆንን፣ አለቀ። አንተ "ቅጹን ላኪልኝ" ስትለኝ ልቤ እያመነታ ላክሁልህ። ምን ላድርግ፣ ፈቃዴን የማሳድስበት ቀን ደርሶብኝ ነበር።

ጽፈህ የላክኸው ሲደርሰኝ በሩ ላይ ቆሜ ከፈትኩት፣ ሳልጨርሰው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። "እኚህ ሴት በሥጋ አይዛመዱኝም" ብለህ ጀመርክ። ቀጥለህ "እናቴ ጠዋት አምጥታ ማታ ልትወስደኝ ነበር፤ ያ ማታ እስከ ዛሬ አልመጣም። እኚህ ሴት ግን እስከ መቼ ብለው አልጠየቁም" አልክ። አንተ ሰው! የልደት መልእክት እንኳ "እንኳን ተወለድሽ" ብለህ የምትዘጋ ሰው ይህን ከየት አመጣኸው? አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ፊቴን ታጥቤ ሄጄ አስገባሁት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እውነት ነው። ተቆጣጣሪዋ ቤቱን ልታይ መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የገባች። የአልጋዎቹን ርቀት በሜትር ለካች፣ የመድኃኒት ሳጥኑን ቁልፍ ሞከረች፣ በመቀርቀሪያው ባለቤቴን አመሰገነችው፤ እሱም ኮራ። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ እማን ጠራችና ምስክሮቹን እያነበብኩ አረጋግጣለሁ አለች። የነርሷን ስታነብ እማ "አዬ ያቺ፣ ንፍጧ ደረቀ ማለት ነው?" ብላ ሳቀች። እኔ ያንተ አይነበብም፣ ዝም ብላ ታልፈዋለች ብዬ ነበር። አላለፈችውም። ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

እማ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ተቆጣጣሪዋ ጨርሳ "እማማ፣ እንግዲህ ይህ ሰው ዘመድዎ አይደለም፣ ልክ ነው?" አለቻት። እማ ቀና ብላ "ልጄ ነው" አለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ዓይኔን ብጠቅሳት ብጠቅሳት አታየኝም። ተቆጣጣሪዋ ግራ ገባትና ወረቀቱ አይዛመዱኝም ይላል እኮ ብትላት፣ "የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ተሳስቷል፣ ሌላው ደህና ነው" አለቻት። ልጅቱም ልትረዳን ፈልጋ "እማማ፣ እርስዎ እኮ ሁሉንም ልጄ ነው የሚሉት፣ እኔንም አሁን በር ላይ ግቢ ልጄ ብለውኛል" አለች። መውጫ እየሰጠቻት ነበር፣ ይግባህ። እማ ግን "አንቺን በአፌ ነው ያልኩሽ። እሱን ግን ጉንፋን ሲይዘው አፍንጫውን በአፌ መጥጬ ነው ያሳደግሁት" አለቻት። ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲያው ይህን ልቀበለው አልችልም፤ የዘመድ ምስክርነት ሆነ" ብላ ወረቀትህን ለእኔ መለሰችልኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። ልጅቱን ሸኝቼ ስመለስ ኩሽና ድረስ ተከትያት "ወረቀት እኮ ነው እማ! እሱ ራሱ ፈቅዶ የጻፈው ወረቀት! ቤቱ ሊዘጋብኝ ነው!" አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌባት ነበር መሰለኝ፣ ዳኛው ከሳሎን ፊቱን አጨፍግጎ አየኝ። እማ ግን አልተቆጣችም። "እሱ ለእኔ ብሎ እንደጻፈው መች አጣሁት? እኔ ደግሞ በገዛ አፌ ልጄ አይደለም ልል ነው? አፌ ይቆረጣል እንጂ አልልም" አለችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። "ለመሆኑ ስትጽፈው እጅህ አልተንቀጠቀጠም?" አለች፣ አንተ እዚያው ፊቷ የቆምክ ይመስል። ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ወረቀቱ ምን ሆነ ላልከኝ፣ እሷው ዘንድ ነው ያለው። መነጽሯን አድርጋ የመጀመሪያዋን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘቻትና ቀሪውን መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከሠርግህ ፎቶ ጋር አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አጥልቃ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። "ሥልጠናው የት ነው?" አለችኝ። እንዳትሄጂ ብላት፣ ያበላሸሁትን እኔው ላቃናው አለች። ጽሕፈት ቤቱም እስከ ፈተናው ድረስ ታገሰን።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የልጅ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ስትገባ አስተማሪ መስላቸው ብድግ አሉላት፤ እሷም "ተቀመጡ ልጆቼ" ብላ ከኋላ ስትቀመጥ ነው የገባቸው። ትንፋሽ መመለስ የሚለማመዱበት የላስቲክ አሻንጉሊት ቢሰጧት "ይሄማ ቆይቷል፣ ሰውነቱ ቀዝቅዟል" ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው አሉ። ግን ቀልድ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ደብተሯን ይዛ እያንዳንዷን ነገር ትጽፋለች። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው ብቻ ነው፣ በጎን አስተኝቶ በትራስ መደገፍ አደጋ ነው ሲሏት ደንግጣ መጣች። "እናንተን ሁሉ በጎን ነው ያስተኛሁት። ተርፋችሁ ነው ለካ!" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከእሷ የባሰ ተቆጣጣሪ አላየሁም፤ ሁሌ አልጋዎቹን እየዞረች "ይቺን ፎጣ ማን አስቀመጠ?" ትለኛለች።

አንድ ቀን ግን ተከፍታ መጣች። የዚያን ዕለት የተማሩት ስለ ልጆች ርክክብ ነው። የመዝጊያ ሰዓት አልፎ ወሳጅ ያልመጣለት ልጅ ቢኖር፣ ለወላጅ ይደወላል፣ ወላጅ ካልተገኘ ወላጅ ለወከለው ሰው ይደወላል፣ እሱም ካልተገኘ ጽሕፈት ቤቱ ተጠርቶ ልጁን ይረከባል። እማ እጇን አውጥታ "ልጁ ተኝቶ ቢሆንስ?" ብላ ጠየቀች። አሠልጣኟም ተቀስቅሶ ይሰጣል አለቻት። "የማያውቀው ሰው ሲወስደው ቢያለቅስስ?" አለች። አሠልጣኟ፣ ሰዎቹ የሠለጠኑ ናቸው፣ ያባብሉታል ብላ መለሰችላት። ይህን ስትነግረኝ "መልካም ልጅ ናት፣ ክፉ አልተናገረችም" እያለች ነው፤ ግን ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። እኔም ምን እንዳሰበች ገባኝ። የዛሬው ደንብ ያኔ ቢኖር ኖሮ አንተን መኪና መጥቶ ይወስድህ ነበር፤ ይህን እኔም ያን ዕለት ነው ልብ ያልኩት።

ፈተናው ሲቃረብ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ አስጠናታለሁ። ትኩሳት ሲይዘው፣ ሲያንቀው፣ ሲወድቅ፣ ሁሉንም እንደ ጸሎት ታወርደዋለች። ያቺን የርክክቧን ጥያቄም ደጋግሜ ጠየቅኋት፤ ወላጅ፣ ተወካይ፣ ጽሕፈት ቤት ብላ በቅደም ተከተሏ ትነግረኛለች። አንድም ቀን አልሳተችም።

አለፈች! እልል በል። የምስክር ወረቀቷ መግቢያው ላይ ከእኔ ፈቃድ ጎን ተሰቅሏል፤ ደንቡ በግልጽ ይሰቀል ስለሚል ነው እንጂ እሷማ ፎቶውን ስላልወደደችው "የተከሰሰች ሴት መስያለሁ" ብላ ልትሸፍነው ነበር። ባለቤቴ ሚስማሩን መትቶ ሳይጨርስ ዳኛው ጋ ሄዳ "ና እስቲ የኔ ጌታ፣ ፈቀዱልን" ብላ አነሳችው። እሱም አፍጥጦ አያትና ጉንጩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። የእኔም ፈቃድ ታደሰ፣ ሕፃናቱም አሉ፣ ቤቱም ክፍት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለውን በስልክም ልነግርህ እችል ነበር።

የጻፍኩልህ ለቀጣዩ ነው። የፈተና ወረቀቷ ዘግይቶ መጣ። አሠልጣኟ ስትሰጠኝ፣ እናትሽ በጣም ጥሩ ሠርተዋል፣ የሳቱት አንዷን ብቻ ነው፣ ያውም ክፍል ውስጥ ጥርት አድርገው የመለሷትን ብላ ተገረመች። ሳልከፍተው የትኛዋ እንደሆነች አወቅሁ። "የመዝጊያ ሰዓት አልፎ ወሳጅ ያልመጣለት ልጅ ቢኖር ምን ያደርጋሉ?" ይላል። እማ በዚያ በትልልቁ ጽሕፈቷ "ራቱን አበላዋለሁ። አስተኛዋለሁ። ጠዋት እናያለን" ብላለች። አጠገቡ ቀይ ምልክት አለበት።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን አሳየኋት። የልጆቹን ፎጣ እያጣጠፈች ነበር። "ምነው እማ፣ ይህችን እኮ በእንቅልፍ ልብሽም ትመልሻታለሽ" አልኳት። ቀና ሳትል "አውቃታለሁ። ሥራው ላይ የመጣ እንደሆነ እነሱ እንዳሉት ነው የማደርገው፣ ያንቺን ፈቃድ አላስነጥቅም" አለችኝ። ታዲያ ለምን እንዲህ ጻፍሽ ብላት፣ ፎጣውን ጭኗ ላይ አሳርፋ "ልጄ አንድ ቀን ይህን ወረቀት ቢያየው ምን ይለኛል?" አለች።

ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። እሷ አታውቅም፣ አደራህን በስልክ እንዳታነሳባት።

በል እንግዲህ፣ ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ወገብህን በሙቅ ውሃ ትሽልህ። ለትልቋ ልጅህ አክስትሽ በትምህርትሽ ኮርታለች በላት፤ ትንሿ ደግሞ ጥርሷ እስኪበቅል ፉጨት ትለማመድ። አማትህ በጤና እንዲሰነብቱ እመኛለሁ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፣ አምፖሉን ዛሬ እቀይራለሁ ብሏል፣ እንግዲህ እናያለን። ልጄ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ዳኛውም አፍጥጦ ሰላምታውን ያቀርባል። እማ ደግሞ እንደምጽፍልህ አይታ "ድካሙ ሳይበዛበት ብቅ ይበል በይልኝ፤ በመሸ ሰዓትም ቢደርስ ራቱ ይቆየዋል" ብላለች።

የምትወድህ እህትህ

ከሳሎኑ ጥግ፣ ልጆቹ በጀርባቸው ተኝተው ሳሉ
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን